ገለልተኛ መሆን ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ተማሪዋ አይደለችም

ይድረስ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፣ በተለይ ደግሞ ለየትምህርት ቤቱ ርዕሳነ መምህራን

ጤና ይስጥልኝ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የምጽፍላችሁ ስለ ሂጃብ ነው። "ደግሞ ይቺን ወሬ አመጣህ?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ወሬዋን ግን እኔ አላመጣኋትም። መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ምዝገባ ሲጀመር፣ አንድ ቦታ አንድ ርዕሰ መምህር የግቢው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ዘበኛው ያስፈጽማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም በፌስቡክ እንከታተላለን።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ዘንድሮ ሰው ጽሑፍ ከማንበቡ በፊት የጸሐፊውን ወገን ስለሚፈልግ ነው። ፍለጋውን ላቅልልላችሁ ብዬ ነው እንጂ ለነገሩ የሚጨምረው የለም። ሙስሊም ብሆንም የምለው ይኸንኑ ነው።

በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሂጃባችንን አናወልቅም ያሉ ከ150 በላይ ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ቀሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችም ነበሩባቸው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በሂጃባቸው ይማሩ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤትም ክልከላውን አገደ። ጥር ላይ መቀሌ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰልፍ ወጣ። ደብዳቤ ነበረ፣ ዕግድ ነበረ፣ ሰልፍ ነበረ፤ ልጆቹ ግን ከበሩ ውጭ ነበሩ። የብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሌ ስለ ጨርቁ ይሆንና ልጅቷ ትረሳለች። የትግራይ ተማሪ ማለት እኮ በ2012 መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ወዲያው ጦርነት የመጣበት፣ የመማሪያ ክፍሉ የተፈናቃይ ማደሪያ የሆነበት፣ እስከ 2015 ድረስ ደብተር ሳይከፍት የቆየ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ተርፋ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሳ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችን ልጅ በር ላይ አቁሞ "ወይ ሻሽሽን ወይ ትምህርትሽን" ማለት ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? እኔ አላውቅም።

አንድ ዓመት ነው፣ ምን አለበት፣ ቀጣዩን ዓመት ትፈተናለች የሚል ሰምቻለሁ። ለወንድ ልጅ አንድ ዓመት መቀመጥ ያናድዳል። ሴት ልጅ ቤት ስትቀመጥ ግን ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ይጀመራል። ጠያቂ ይመጣል። ሽማግሌ ይላካል። ካልሆነም ደላላው ይመጣል፤ ሪያድ አለ፣ ቤሩት አለ፣ ፓስፖርቱን እኔ እጨርሳለሁ ይላል። ስንት ጎበዝ ተማሪ በዚህ መንገድ ከስም መጥሪያ ላይ እንደጠፋች የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ መዝገቡ ያለው እናንተ ጋ ነው። እና ሴቶች ለምን እስከ መጨረሻው አይማሩም ብላችሁ በየዓመቱ ወርክሾፕ ታዘጋጃላችሁ። ውሎ አበል ያለው ወርክሾፕ።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ የድሮ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ክልከላውን የሚደግፉት ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ሕገ መንግሥቱን ነው። አንቀጽ 11፦ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተፅዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። "አያችሁ፣ ትምህርት ቤት ሴኩላር ነው" ይሉና ይዘጉታል።

እሺ። ግን እነዚህ አንቀጾች የሚናገሩት ለማን ነው? ለመንግሥት ነው። ለሚኒስቴሩ፣ ለቢሮው፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለእኔ ለመምህሩ። መንግሥት ሃይማኖት አይኑረው ነው የተባለው። ዜጋው ሃይማኖት አይኑረው አልተባለም። እንዲያውም አንቀጽ 27 ዜጋው እምነቱን ለብቻም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በግልም ሆነ በይፋ መከተል፣ መተግበርና መግለጽ ይችላል ይላል። በይፋ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፀጉሯን ስለሸፈነች መንግሥት ሰለመ ማለት አይደለም። ማተብ ያሰረ ተማሪ ስላለም መንግሥት ተጠመቀ ማለት አይደለም። ትምህርቱ ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነፃ ይሁን ሲባል የባዮሎጂ መምህሩ ክፍል ውስጥ አይስበክ፣ ጥቁር ሰሌዳው መድረክ አይሁን፣ ማርክ በእምነት አይሰጥ ማለት ነው። ሰሌዳው ፊት የተቀመጠችው ልጅ እምነቷን አውልቃ ትግባ ማለት አይደለም።

"ገደብ አለው እኮ" ትሉኛላችሁ። አለው። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ የሕዝብ ደህንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ የሌሎች ሰዎች መብት፣ ሌላው ቀርቶ ትምህርትና መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑም አሉበት። አልደብቅም፣ ተጽፏል። ነገር ግን እዚያው ላይ ገደቡ የሚሆነው በሚወጡ ሕጎች ነው ይላል። በሕግ! ርዕሰ መምህሩ ማታ አስቦ ጠዋት በር ላይ የሚለጥፈው ማስታወቂያ ሕግ አይደለም። "ድሮም እዚህ ግቢ እንዲህ ነበር" የሚለውም ሕግ አይደለም። ሕግ ወጥቶም እንኳ፣ ፀጉር መሸፈን የማንን ደህንነት እንደነካ ማስረዳት ያለበት ከልካዩ ነው፤ ልጅቷ ምንም የማስረዳት ግዴታ የለባትም።

እኔ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥም እንዲህ ያለ ዘመን ነበር። ልጆቹ ጠዋት በር ላይ ሻሻቸውን አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ማታ ሲወጡ መልሰው ያደርጋሉ። ከዚያ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እኔ ገብቼ አንቀጽ 27ን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። እነሱም ይጽፋሉ፤ ፈተና ላይም መጣ፤ በደንብ ሠሩት። መብታቸውን በቃላቸው ያውቁታል፣ አስቡት።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ቁም ነገር አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም።

ዩኒፎርም ሁሉንም እኩል ያደርጋል ይባላል። ያደርግ። የሀብታምና የድሃ ልጅ ልብስ እንዳይለያይ ነው ዩኒፎርም የመጣው፣ ጥሩ ነገር ነው። ሻሹ የዩኒፎርሙን ቀለም ይያዝ በሉና ጉዳዩ አለቀ። ብዙ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ማንም አልተጎዳም።

ፈተና ላይ ይኮርጁበታል ይባላል። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ኩረጃው ስለመረረ ነው፤ ጆሮ ውስጥ የምትገባዋን ትንሿን ማዳመጫ ደግሞ ሻሽ ብቻ ሳይሆን ረጅም ፀጉርም ይደብቃታል። መፍትሔው ሴት ፈታሽ መመደብ ነው። ለብቻው በተከለለ ቦታ ሴት ለሴት ትፈትሽ፣ ጆሮዋን ትይ፣ ታሳልፋት። ኒቃብም ቢሆን እንዲሁ ነው። ፊት ካልታየ ማንነት አይረጋገጥም፤ ስለዚህ ሴት ሠራተኛ ፊት ይገለጥ። እዚህ ላይ ከእኔ የማይስማሙ ሙስሊም ወዳጆች አሉኝ፣ ክፍል ውስጥም ፊት ሲታይ ማስተማር ይቀላል ብዬ ስለማምን። ግን ይሄም ቢሆን ተወያይቶ የሚወሰን እንጂ ልጅ አባሮ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ፈረንሳይ ከልክላ የለም ወይ የሚሉም አሉ። ከልክላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2004። ውሳኔውን እኔ አልወደውም። ግን ፈረንሳይ እንኳ ፓርላማዋ ተከራክሮ ሕግ አውጥቶ ነው፤ የርዕሰ መምህር ማስታወቂያ አልበቃትም። እና ደግሞ ምሳሌ ከተፈለገ ለምን ሁሌ ፈረንሳይ? አሜሪካ ውስጥ የይሖዋ ምስክር ልጆች ባንዲራ ፊት ቆመው ሰላምታ አንሰጥም ስላሉ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሪቱ ዓለም ጦርነት ውስጥ ሆና፣ የአገር ፍቅር ጣሪያ በነካበት ሰዓት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጆቹን ማስገደድ አይቻልም አለ። ጎረቤታችንን ኤርትራን ደግሞ እዩ። እዚያ የይሖዋ ምስክሮች በ1987 ዓ.ም. ዜግነታቸውን ተገፈፉ፤ በዚያው ሰሞን የታሰሩት ሦስት ወጣቶች የተፈቱት ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ልጅን በእምነቷ ምክንያት ከበር የሚመልስ ሰው ከሁለቱ ወደ የትኛው እየሄደ እንደሆነ ቢያስብ ጥሩ ነው።

"መካ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ያን ጊዜ እንነጋገራለን" የምትለዋን ደግሞ እኛ ሰፈር ያልሰማት የለም። እንግዲህ ሳዑዲ መለኪያችን ትሁን ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ጅዳ ውስጥ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በግል ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው ለወራት ታስረዋል። ያኔ ሁላችንም ጮኸናል፤ ትክክልም ነበርን። የጮኽነው ድርጊቱ ግፍ ስለሆነ ነው ወይስ እኛ ላይ ስለተሠራ ብቻ? አክሱም ቅድስት ከተማ ናት፤ ለእኔም ቅድስት ናት። የጽዮን ማርያም ግቢ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ያወጣችውን ሥርዓት ማንም ያክብር፤ ጫማ አውልቁ ካለች ይውለቅ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይደለም። የሙስሊሙ ነጋዴ ግብርም አለበት፤ የመምህሩን ደመወዝ እሱም ይከፍላል። (ስለ ንጉሥ ነጃሺና ስለ መጀመሪያዎቹ ስደተኞች እዚህ አልጽፍም። ለእንግዳ የምንተርካት፣ ለልጆቻችን የማንሠራባት ታሪክ ሆናለች።)

ሰፈራችን ያለው እድር ሙስሊምም ክርስቲያንም ጴንጤም አለበት። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፤ ውስጡ ግን ሐዘንተኛው እንደ እምነቱ ይጸልያል፣ እንደ እምነቱ ይቀብራል። የእድሩ ጸሐፊ "ድንኳኑ የጋራ ስለሆነ ማንም አይጸልይ" ብሎ አያውቅም። ቢል በማግስቱ ከጸሐፊነቱ ይወርዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ከእናንተ በላይ ላለው ሁሉ። ገለልተኛ ሁኚ የምትባለው ልጅ ገለልተኛ ሁኚ የሚላትን መንግሥት ቀና ብላ ስታየው ምን ታያለች? በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የእኔ ቤተ ክርስቲያን በይፋ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። "ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው" እየተባለ የሙስሊሙ በዓል ካላንደር ላይ አልነበረም፤ ጴንጤዎች ደግሞ ቤት ውስጥ ሲጸልዩ እየተያዙ ይታሰሩ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው ትልቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚል ነበር፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ልብ በሉ፣ መለያየቱን የጠየቁት ሙስሊሞቹ ናቸው። የጠየቁት መብታቸው እንዲጠበቅበት ነው፤ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው የሚከለከሉበት ሰበብ ሆኗል።

ደርግ መጣ፤ እኩልነት ብሎ የሙስሊሙን በዓል ካላንደር ላይ አስገባ፤ ያው ደርግ በ1971 ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። አንቀጽ 11ን የጻፈው ኢሕአዴግ በ2005 መጀመሪያ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይሁን ሲባል በቀበሌ አካሄደው፤ "ድምፃችን ይሰማ" ያሉትን ተወካዮች በፀረ ሽብር ሕጉ ከስሶ እስከ 22 ዓመት ፈረደባቸው። በጥር 2015 ሲኖዶሱ ሳያውቅ ጳጳሳት ሲሾሙ መንግሥት ዳር መቆም አቃተው፤ ቤተ ክርስቲያን ጣልቃ ገባህ አለችው፤ እኛም ጥቁር ለበስን፣ ማኅበራዊ ሚዲያም ተዘጋ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሸገር ከተማ ላይ መስጊዶች ፈርሰው፣ ተቃውሞ ላይ አንዋር መስጊድ ደጅ ሰው ሞተ። ይህ ሁሉ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ልጅቷ መንግሥትን በሚኒስቴር ከፋፍላ አታየውም። ሲኖዶስና መጅሊስ ውስጥ እጁን የሚያስገባ መንግሥት እሷ ላይ ሲደርስ ብቻ ሴኩላር ሲሆን ታያለች።

ችግሩ የማይፈታ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። አገራችን እኮ ሳታወራ የፈታቻቸው ነገሮች አሉ። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፤ ለጁምዓ እንዲመች። ክርስቲያኑ ባለጉዳይ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ አልሞተም። ዩኒቨርሲቲ ካፌ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይሠራል፤ ሙስሊሙም ሽሮውን ይበላል። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም፣ ምናልባት ያሰበበት አንድ ቅን ጸሐፊ ይሆናል። ቅዳሜ ፈተና ሲሆንበት የሚጨነቀው የአድቬንቲስት ተማሪ ግን እስካሁን በመምህሩ በጎ ፈቃድ ነው የሚኖረው። እሱንም እዩልኝ።

ለሃይማኖተኛው ወገንም፣ ለእኔም ጭምር፣ ገደብ አለን። ክፍለ ጊዜውን በጸሎት የሚከፍት መምህር አይቻለሁ፤ የእኔው ሃይማኖት ሰው ነበር፣ ያም ቢሆን ስህተት ነው። ቢሮው ውስጥ ሥዕለ አድኅኖ ሰቅሎ መዝሙር ከፍቶ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ኃላፊ አለ፤ በስብሰባ ላይ የሚሰብክም አለ። ገለልተኛ ሁኑ መባል ያለባቸው እነሱ ናቸው። እንዲሁም ሂጃብ ያላደረገችውን ሙስሊም ተማሪ መንገድ ላይ የሚያሸማቅቅ፣ ነጠላ አልለበስሽም፣ ሱሪ ለበስሽ ብሎ ክርስቲያኗን የሚሰድብ ጎረምሳ ካለ ትምህርት ቤቱ ሊቆጣው ይገባል። ማድረግም አለማድረግም የልጅቷ ነው። የመጅሊሱም የሰንበት ትምህርት ቤቱም የዩኒት ሊደሩም አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሚኒስቴሩ በመላ አገሪቱ የሚሠራ አንድ ግልጽ መመሪያ ያውጣና ፀጉር መሸፈን፣ ማተብና መስቀል ማንንም ከክፍል እንደማያስወጣ በቀጥታ ይጻፍ፤ "እንደየትምህርት ቤቱ ነባራዊ ሁኔታ" የምትባለዋ ሐረግ እንዳትገባበት አደራ፣ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው በእሷ በር ነው። ክርክር ከተነሳም ክርክሩ ይቀጥል፣ ልጅቷ ግን ክፍል ውስጥ ሆና ትጠብቅ፤ በተለይ የፈተና ምዝገባ በምንም ዓይነት የአለባበስ ጭቅጭቅ እንዳይታገድ። የፍርድ ቤት ዕግድ ደርሶት በሩን ያልከፈተ ኃላፊ በግሉ ይጠየቅ። ለፈተና ጣቢያዎች ሴት ፈታሾች ይመደቡ። አክሱም ላይ ዓመት የባከነባቸው ልጆች ካሉ ደግሞ ተፈልገው፣ ተጠርተው፣ ማካካሻ ተሰጥቷቸው ይፈተኑ፤ ራሳቸው እስኪመጡ አይጠበቅ።

ለርዕሳነ መምህራን ለብቻ አንድ ቃል። ጫናውን አውቀዋለሁ። ወላጅ ይመጣል፣ ካድሬ ይደውላል፣ የሰፈር ሽማግሌ "ግቢያችንን አስደፈርክ" ይላል። ግልጽ መመሪያ ቢኖራችሁ ለእነሱ የምታሳዩት ወረቀት ይኖራችሁ ነበር፤ ለዚህም ነው ሚኒስቴሩን የምወተውተው። እስከዚያው ግን በሩ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ለመክፈት የማንም ፊርማ አያስፈልጋችሁም።

ምዝገባ የሚጀመረው ነሐሴ መጨረሻ ነው። መመሪያው ከዚያ በፊት ወረዳ ድረስ ይድረስ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ከአዲስ አበባ